ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ፦ ኮርስ እንዴት ይመረጣል? ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ነዋሪዎች

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ ማውጣት የሚፈልግ ሀበሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ኮርስ ይረክሳል? የትኛው ቶሎ ያልቃል?" ብሎ ነው። ጥያቄው ይገባኛል። ነዳጅ ማደያ ሌሊት የሚሰራ፣ ሊከር ስቶር ያለው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብር ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ትርፍ ጊዜ የለውም። ግን እዚህ አካባቢ አንድ ወንዝ ዳር ሦስት የተለያዩ ህጎች አሉ። አሌክሳንድሪያ ላይ ሽጉጡን በህግ የታጠቀ ሰው፣ ድልድዩን ሲሻገር በዚያው ሽጉጥ እጁ ላይ ካቴና ሊገባ ይችላል። ስለዚህ እኔ ኮርስ የምመዝነው ከሁሉ በፊት ህጉን ምን ያህል ጠለቅ አድርጎ እንደሚያስተምር አይቼ ነው። ተኩሱ ቀስ እያለ ይለመዳል።

1. ከመክፈላችሁ በፊት፦ ይፈቀድላችኋል?

አስተማሪው ገንዘባችሁን ተቀብሎ ያስተምራችኋል። ፈቃዱን የሚሰጠው ግን እሱ አይደለም። የኮርሱ ገንዘብ ደግሞ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ ተብሎ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን መርምሩ።

በሦስቱም ቦታ ዕድሜ 21 መሙላት ያስፈልጋል። ከባድ ወንጀል ተፈርዶበት የሚያውቅ ሰው አይፈቀድለትም። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበትም እንደዚያው ነው፤ ፍርዱ ቀላል ወንጀል ተብሎ የተመዘገበ ቢሆንም የፌዴራል ህግ መሳሪያ መያዝ ይከለክለዋል። ከዓመታት በፊት ከትዳር ጓደኛ ጋር ተጣልቶ ፖሊስ ተጠርቶ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ጉዳዩ በምን እንደተዘጋ ወረቀቱን አውጥቶ ይይ። "ያኔ አልቋል" ብሎ መገመት ያስቸግራል።

የኢሚግሬሽን ሁኔታችሁም ወሳኝ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ህግ ሽጉጥ መግዛት ይችላል። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ወይም ጊዜያዊ ከለላ ላይ ያለ ሰው የሽጉጥ አስተማሪ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። ግሪን ካርድ ያላችሁም ይህን ያዙ፦ በመሳሪያ ወንጀል መፈረድ ከአገር ለመባረር ምክንያት እንደሚሆን በኢሚግሬሽን ህጉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ዜግነት ያለው ሰው የሚቀጣበት ስህተት እናንተን ከልጆቻችሁ ሊለያችሁ ይችላል።

ጫት ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይዘናጋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ህግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው ምድብ የተቀመጠ ነገር ነው። ሽጉጥ ስትገዙ የምትሞሉት የፌዴራል ቅጽ፣ ቁጥሩ 4473፣ በህግ የተከለከለ አነቃቂ ወይም አደንዛዥ ነገር ትጠቀሙ እንደሆነ ይጠይቃል። ማሪዋና በስቴታችሁ ቢፈቀድም በፌዴራል ህግ የተከለከለ እንደሆነ ቅጹ ራሱ ያስጠነቅቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየቃመ "አልጠቀምም" ብሎ የሚፈርም ሰው በፌዴራል ቅጽ ላይ እየዋሸ ነው። አገር ቤት እንደ ቡና የሚታይ ነገር ስለሆነ ማንም አያስጠነቅቃችሁም። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

2. የምትኖሩበት፣ የምትሰሩበት፣ የምታልፉበት

ወረቀት አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ። የት ትኖራላችሁ? የት ትሰራላችሁ? በሳምንት ውስጥ በየት በየት ታልፋላችሁ? ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ዲሲ ውስጥ ሱቅ ያለው፣ እሁድ ቨርጂኒያ የሚያስቀድስ ሰው ሦስቱንም ጽፏል ማለት ነው። የሚመረጠው ኮርስ የሚወሰነው በዚህ ወረቀት ነው።

ቨርጂኒያ ቀለል ይላል። የምታመለክቱት ለምትኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪት ፍርድ ቤት ነው። ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም። ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ ፈቃዱም ለ5 ዓመት ያገለግላል። ህጉ የኮርሱን ሰዓት አልወሰነም። ስለዚህ የሦስት ሰዓትም የስምንት ሰዓትም ኮርስ ታገኛላችሁ። አንድ ነገር ግን ተቀይሯል፦ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ኦንላይን ብቻ የተወሰደ ኮርስ ለቨርጂኒያ ፈቃድ አይበቃም፤ በአካል መቅረብ ያስፈልጋል። ስልካችሁ ላይ "በ45 ደቂቃ ሰርተፊኬት" የሚል ማስታወቂያ ከመጣ እለፉት።

ሜሪላንድ ጠንከር ይላል። ድሮ ፈቃድ ለማግኘት በቂ ምክንያት አለኝ ብሎ ማስረዳት ግድ ነበር። በጁን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኒውዮርክን ተመሳሳይ ህግ ሲሽር ሜሪላንድም ይህን መጠየቅ አቆመች። ኮርሱ ግን አልቀረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያመለክት 16 ሰዓት፣ ለማደስ 8 ሰዓት ነው፤ በአካል፣ የስቴቱ ፖሊስ ባጸደቀው አስተማሪ። የጽሁፍ ፈተና አለ፤ የተኩስ ፈተናም አለ፦ 25 ጥይት ተኩሳችሁ ቢያንስ 70 በመቶ ማምጣት አለባችሁ። የማመልከቻው ክፍያ 125 ዶላር ነው፤ አሻራ ለብቻው ይከፈላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያምታቱት ነገር አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ ለመግዛት የሚጠየቀው የ4 ሰዓት ኮርስ ሌላ ነው። እሱን ጨርሶ "ፈቃድ አለኝ" ብሎ ታጥቆ የሚወጣ ሰው ያለ ፈቃድ ነው የወጣው።

ዲሲ ከሁሉም ጥብቅ ነው። 16 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ተኩስ ላይ፣ በድምሩ 18 ሰዓት። አስተማሪው በዲሲ ፖሊስ የተፈቀደለት መሆን አለበት። ሽጉጡም ራሱ በዲሲ ፖሊስ ይመዘገባል። የፈቃዱ ክፍያ 75 ዶላር ሲሆን የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። የዲሲ ነዋሪ ያልሆነ ሰውም ማመልከት ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር። ሜሪላንድም ዲሲም የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበሉም። የቨርጂኒያ ፈቃድ ከወንዙ ማዶ ዋጋ የለውም። በተቃራኒው ቨርጂኒያ የሌሎችን ስቴቶች ፈቃድ ትቀበላለች። በ495 አውራ ጎዳና ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረው የዊልሰን ድልድይ ደግሞ መሀል ላይ የዲሲን ጫፍ ይነካል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሦስት ህግ ታልፋላችሁ። ዲሲ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ መገኘት እስከ 5 ዓመት ሊያሳስር የሚችል ከባድ ወንጀል ነው። "የቨርጂኒያ ፈቃድ አለኝ" ማለት አያድንም።

ስለዚህ ዲሲ ወይም ሜሪላንድ በሳምንታዊ መንገዳችሁ ውስጥ ካሉ፣ ሁለቱንም ወይም ሦስቱንም አጣምሮ የሚሰጥ ኮርስ ፈልጉ። እንዲህ ያሉ ኮርሶች በአካባቢያችን አሉ። ጥቂት መቶ ዶላር ይጠይቃሉ፤ ለየብቻ ከመውሰድ ግን ይሻላሉ። አንዳንዶቹ የዩታ ፈቃድ ጨምረው "በብዙ ስቴት ይሰራል" ብለው ይሸጣሉ። እውነት ነው፣ በብዙ ስቴት ይሰራል። በዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በኒውጀርሲ፣ በኒውዮርክና በካሊፎርኒያ ግን አይሰራም። ቤታችሁ ሀያትስቪል ከሆነ ዩታ ምን ያደርግላችኋል?

ሌላ ስቴት ላላችሁም አካሄዱ ያው ነው። ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ሽጉጥ መያዝ ለማይከለከል፣ 21 ለሞላው ሰው ያለ ፈቃድ መያዝ ፈቅዳለች። ዳላስ ያላችሁ ግን ፈቃዱን አውጡ እላለሁ፤ ቴክሳስን ለቃችሁ ስትወጡ ይጠቅማችኋል፣ ኮርሱም ህጉን ያስተምራችኋል።

ህግ ይቀየራል። በተለይ ሜሪላንድ ውስጥ የት መያዝ እንደሚከለከል የሚወስነው የ2023 ህግ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ቆይቷል። ከመክፈላችሁ በፊት የስቴቱን ፖሊስ ገጽ ተመልከቱ።

3. አስተማሪውን አጣሩ

ይህ አጭር ነው። የሜሪላንድ ስቴት ፖሊስም የዲሲ ፖሊስም ያጸደቋቸውን አስተማሪዎች ዝርዝር ያወጣሉ። ስሙን ፈልጉ። ከሌለ ሰርተፊኬቱ ወረቀት ብቻ ነው። ለቨርጂኒያ የኤንአርኤ (የአሜሪካ የጠመንጃ ባለቤቶች ማህበር) ወይም የስቴቱ የምስክር ወረቀት ያለው አስተማሪ ይበቃል። የአስተማሪው ፈቃድ ጊዜው እንዳላለፈም ጠይቁ። ደህና አስተማሪ ይህ ሲጠየቅ አይከፋውም፤ ወዲያው ያሳያችኋል።

የጓደኛ ጥቆማ ጥሩ ነው። ነገር ግን "ጎበዝ ነው፣ ቶሎ ይለቅሃል" የሚል ጥቆማ አስተማሪውን ለመሸሽ በቂ ምክንያት ነው።

4. ደውላችሁ የምትጠይቁት

ከመመዝገባችሁ በፊት ደውሉ። አስር ደቂቃ በቂ ነው። የሚመልስላችሁ ሰው ከተቻኮለ ክፍል ውስጥም እንደዚያው ነው የሚሆነው።

ከጠቅላላው ሰዓት ስንቱ ለህግ እንደሚውል ጠይቁ። ጥሩ መልስ ቁጥር ያለው ነው። ቀጥላችሁ ይህን አንሱ፦ "ሱቄን ዘርፎ የሚሮጥ ሰው ላይ መተኮስ እችላለሁ?" እኔ አስተማሪን የምመዝንበት ጥያቄ ይሄ ነው። ትክክለኛው መልስ አይቻልም ነው። ቢራ ሰርቆ የሚሮጥ ሰው ህይወታችሁን አላሰጋም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሮጥ ብትተኩሱ ወንጀለኛው እናንተ ትሆናላችሁ። አስተማሪው ቢስቅ ወይም "እንደ ሁኔታው ነው" ብሎ ቢያልፍ ስልኩን ዝጉ።

ከዚያ ስለ ማፈግፈግ ጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ከቤታችሁ ውጭ ከሆናችሁ፣ በደህና መሸሽ እየተቻለ መተኮስ ያስጠይቃል። ቨርጂኒያ ውስጥ ጠቡን ያልጀመረ ሰው የማፈግፈግ ግዴታ የለበትም። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ የማያስረዳ አስተማሪ የሦስቱን ስቴት ኮርስ ሊሰጣችሁ አይገባም።

የት የት እንደማይገባ ያስተምራል? ፖስታ ቤት፣ የፌዴራል ህንጻ፣ የኤርፖርት ፍተሻ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መስሪያ ቤት በ2023 ብቻ በኤርፖርት ፍተሻ 6,737 መሳሪያ ይዟል፤ አብዛኞቹ ጥይት የጎረሱ ነበሩ። የተያዙት ሰዎች ብዙዎቹ "ረስቼው ነው" ይላሉ። ደለስ ኤርፖርት ዘመድ ልትሸኙ ስትሄዱ የምትሸከሙትን የእጅ ቦርሳ አስቡ። ዲሲ ውስጥ ሜትሮ ላይም አይፈቀድም። ቤተክርስቲያንና መስጊድም ባለቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ዲሲ ውስጥ እንደተከለከለ ይቆጠራል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ሽጉጥ ደብቆ ሬስቶራንት የገባ ሰው መጠጥ መጠጣት አይችልም። ጥብስ በልቶ ቢራ ሊጠጣ የገባ ሰው ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ምን እንደምታደርጉ በተግባር ያለማምዳል? ይህን ነገር አስተማሪው በቃል ነግሮ ከሚያልፈው ወንበር ላይ አስቀምጦ ቢያሰራችሁ እመርጣለሁ። መኪናውን አቁሙ፣ ማታ ከሆነ የውስጡን መብራት አብሩ፣ ሁለት እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ። ፖሊሱ መንጃ ፈቃድ ሲጠይቅ ወደ ኪሳችሁ አትሂዱ። መጀመሪያ ፈቃድ እንዳላችሁ፣ ቀጥሎ ሽጉጥ እንደያዛችሁና የት እንዳለ ተናገሩ፤ ከዚያ ምን ላድርግ ብላችሁ ጠብቁ። "ሽጉጥ" በሚለው ቃል አትጀምሩ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ በድንጋጤ ቃሉ ይጠፋል። ክፍል ውስጥ ደጋግሞ ማለት አለባችሁ፣ ምላሳችሁ እስኪለምደው።

ልጆች ቤት ላሉት አንድ ተጨማሪ፦ ቤት ውስጥ ሽጉጥ እንዴት እንደሚቆለፍ ያስተምራል? ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ጥይት የጎረሰ መሳሪያ ማስቀመጥን ይቀጣሉ። ትራስ ስር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ የመኪና መሳቢያ ውስጥ ቦታው አይደለም።

5. ቋንቋ

እንግሊዝኛችሁ ለስራ በቂ ቢሆንም የህግ እንግሊዝኛ ሌላ ነው። አማርኛ የሚናገር አስተማሪ ካለ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ አስተርጓሚ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። የጽሁፍ ፈተናውስ እንዴት ነው? ዲሲ ውስጥ በ2004 በወጣው የቋንቋ ህግ ምክንያት የመንግስት መስሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪዎችን በቋንቋቸው የማገልገል ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ፖሊስ ጋር ስትሄዱ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የግል አስተማሪ ግን ይህ ግዴታ የለበትም።

ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትውሰዱ። መቼ ሰው መግደል እንደሚፈቀድ የሚያወራ ክፍል ውስጥ ልጅ መቀመጥ የለበትም።

6. የተኩሱ ቀን

"እኔ ጎጃም ነው ያደግሁት፣ መተኮስ ማን ያስተምረኛል?" የሚል አይጠፋም። ከልጅነቱ ምንሽር ሲወለወል እያየ ያደገ ሰው መሳሪያ አይፈራም፤ ይህ ጥሩ ነው። አብሮት የመጣው ልምድ ግን ያስቸግራል። ለሰርግም ለለቅሶም ወደ ሰማይ የሚተኮስበት አገር ጣት ቃታ ላይ ማሳረፍን ያስለምዳል። እዚህ የሚጠየቀው ተቃራኒው ነው። መሳሪያ ሁሉ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠራል። አፈሙዙ ልትመቱት ወደማትፈልጉት ነገር አይዞርም። ለመተኮስ እስክትወስኑ ጣታችሁ ከቃታው ውጭ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ከኢላማው ኋላ ምን እንዳለም ታያላችሁ።

አስተማሪው ከስንት ተማሪ ጋር ሬንጅ፣ ማለትም መተኮሻው ቦታ፣ እንደሚገባ ጠይቁ። ጀማሪ አጠገብ የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል። አስር ሰው አሰልፎ ከኋላ የሚጮህ አስተማሪ የማንንም ጣት አያይም።

የራሳችሁ ሽጉጥ ከሌላችሁ አትግዙ፤ ገና ናችሁ። ኮርሱ የሚያከራይ እንደሆነ ጠይቁና ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክሩ። በጣም ትንሿ ሽጉጥ ለመደበቅ ትመቻለች፤ ስትተኮስ ግን እጅ ውስጥ ትዘላለች፣ ጀማሪ 70 በመቶ ለማምጣት ይቸገርባታል። መካከለኛ መጠን ያለው ዘጠኝ ሚሊሜትር ለፈተና ይቀላል።

አለባበስ ቀላል ነገር ይመስላል። አንገቱ የተዘጋ ሸሚዝ ልበሱ። ሽጉጡ የሚተፋው ቀለህ ይፋጃል፤ ክፍት አንገትጌ ውስጥ ከገባ ሰው ደንግጦ ይዞራል፣ ሽጉጡም አብሮት ይዞራል። አደጋው እዚያ ላይ ነው። ሻርፕና ነጠላ ቤት ይቅር። ግራ አውራ ጣታችሁ ከሽጉጡ ኋላ እንዳይቀር፤ የላይኛው ብረት ሲመለስ ይቆርጠዋል። የጆሮና የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው። ስትጨርሱ ምግብ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቡ፤ ከጥይቱ የሚወጣው የእርሳስ ብናኝ እጅ ላይ ይቀራል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሬንጅ ከመግባቷ በፊት ሀኪሟን ታማክር።

ኮርሱ ሽጉጥ ከማህደሩ ማውጣትና መመለስን ቢያለማምድ ትልቅ ጥቅም ነው። ማህደሩ ጠንካራ፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። ሽጉጥ በቀበቶ ውስጥ ዝም ብሎ መሻጥ ፊልም ላይ ነው።

7. ፈቃዱ ስራችሁ ላይ ምን ያደርጋል?

ይህን አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ አያነሱትም። ኡበርና ሊፍት ሾፌርም ተሳፋሪም ሽጉጥ እንዳይዝ ይከለክላሉ፤ የስቴት ፈቃድ ቢኖርም። ህጉ ቢፈቅድላችሁም አካውንታችሁ ይዘጋል። ለኡበር ስራ ብላችሁ ኮርስ ልትከፍሉ ከሆነ ይህን አውቃችሁ ክፈሉ። ገንዘቡን መኪና ውስጥ ለሚገባ ካሜራ ብታውሉት ይሻላል ባይ ነኝ።

ትራክ የምትነዱ ደግሞ በሳምንት ስንት ስቴት እንደምታቋርጡ ታውቃላችሁ። በ1986 የወጣ የፌዴራል ህግ መሳሪያ ከሚፈቀድበት ቦታ ወደሚፈቀድበት ቦታ አሳልፎ መውሰድን ይፈቅዳል፤ ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎ፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ ከተቀመጠ። ይህ ለማለፍ ብቻ ነው። ኒውጀርሲ ላይ አድራችሁ ሽጉጡ ጎናችሁ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ እዚያ የዓመታት እስር አለው። የአሰሪያችሁን ደንብም አንብቡ።

ሜሪላንድ ውስጥ የራሱ ሱቅ ያለው ሰው በሱቁ ውስጥ ለመያዝ ይህ ፈቃድ አያስፈልገውም። ችግሩ ሱቁን ዘግቶ፣ ብሩን ይዞ፣ ወደ መኪናው ሲሄድ ይጀምራል። ኮርሱ የሚያስፈልገው ለዚያች መንገድ ነው።

8. ካለፋችሁ በኋላ

ሰርተፊኬቱ ላይ ስማችሁ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፉን እዚያው እያላችሁ አረጋግጡ። የእኛ ስም በሦስት ዓይነት መጻፉ የተለመደ ነው፤ አንድ ፊደል ቢለያይ ማመልከቻው ይጓተታል። የአስተማሪው ፊርማ፣ ቁጥሩና ቀኑ መኖሩን እዩ። ፎቶ አንሱትና ዋናውን አስቀምጡ። ሰርተፊኬቱ ሳያረጅ ቶሎ አመልክቱ። ካርዱ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ግን ታጥቃችሁ አትውጡ፤ ፈተና ማለፍ ፈቃድ ማግኘት አይደለም።

ካርዱ ሲመጣ የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ዲሲ 2 ዓመት፣ ቨርጂኒያ 5 ዓመት፤ ሜሪላንድ መጀመሪያ 2 ዓመት፣ ሲታደስ 3 ዓመት ነው። ሜሪላንድ ለማደስ የ8 ሰዓት ኮርስ ስላለው ማስታወሻውን ከሦስት አራት ወር በፊት እንዲደውል አድርጉት።